ልጆቼን ላመስግን ብል ነውር ነው ወይ?

ይህን ደብዳቤ የላኩልን በደሴ የሚኖሩ የ66 ዓመት እናት ናቸው። እሳቸው በቃል እየነገሯት የጻፈችላቸው የጎረቤት ልጅ ናት። ረዥም ስለሆነ ዋና ዋናውን ወስደናል።

«ልጄ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ከረምሽ? ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ትልቋ የ77 ልጅ ናት። ያኔ ወሎ ምን እንደነበረች ታውቂዋለሽ። አሁን አዲስ አበባ ትዳር ይዛለች። ሁለተኛዋ ደርግ በወደቀበት ዓመት የተወለደችው ናት፣ ጅዳ ነው ያለችው። ቤቱን ያሳደሰችው እሷ፣ ፍሪጁን የገዛችው እሷ፣ ለመድኃኒት የምትልከው እሷ ናት። ትንሽ እያለች ሰኞ ገበያ በርበሬ ስሸጥ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ትመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን እኔ ልሰግድ ሄጄ ስመለስ ከእኔ ዋጋ አስበልጣ ሸጣ ቆየችኝ። ሳስታውሰው እስካሁን ያስቀኛል። በ2006 ያ ሁሉ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ እሷም አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። ከፌስታሉ የወጣው ለእኔ የገዛችው መስገጃ ነበር። እሱን ባየሁ ቁጥር አለቅሳለሁ። በኋላ እንደገና ሄደች። ትንሹ 29 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ከእኔ ጋር ይኖራል፣ ባጃጅ ይነዳል።

የልጅነታቸውን ነገር ሁሉ በአንድ ካርቶን አስቀምጬ ነበር። ፎቶ፣ ደብተር፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የመጀመሪያ ጫማቸው ሳይቀር። በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንሸሽ ካርቶኑ ቀረ። እኔ እሱን ስፈልግ ትንሹ የግፊት ኪኒኔን ይዞ እየጎተተ አስወጣኝ። እስከ ኮምቦልቻ በባጃጁ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ገባን። ስንመለስ ቤቱ ተበርብሯል። ካርቶኑም የለ፣ የእሱ ዲፕሎማም የለ።

አሁን ከመሞቴ በፊት ልጆቼን አንድ በአንድ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ጎረቤቴ ግን ‹እናት ትመርቃለች እንጂ ልጇን ታመሰግናለች እንዴ? ዓይን ታስገቢባቸዋለሽ› አለችኝ። ባለፈው አረፋ ደግሞ ጅዳ ያለችውን በእንግዳ ፊት ሳመሰግን ትንሹ ቡናውን ሳይጠጣ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎኛል። ምን አጠፋሁ? ምን ብዬስ ልንገራቸው? መልሰው ምን ይሉኛል?»

እናቴ፣ ወአለይኩሙ ሰላም።

ነውር የለውም። ይህን ብቻ ብዬ ወደ ሌላው ልሄድ ነበር፤ ግን ጎረቤትዎ ያሉት ነገር ብዙ ቤት ያለ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

እኛ ዘንድ ምስጋና ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። «ውለታሽን በምን ልክፈለው» የሚለው ልጅ ነው። በጉራጌ እንዲያውም አንትሮሽት የሚባል ራሱን የቻለ የእናቶች በዓል አለ። ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደው ምርቃት ነው። እሱ ደግሞ የሚናቅ አይደለም፣ በተለይ የወሎ እናት ዱዓ ስትይዝ ቡናው ቢቀዘቅዝም ማንም አይከፋውም። ግን ምርቃት ለሁሉም ይደርሳል። ውሃ ያቀበለ የሰፈር ልጅም «እደግ ተመንደግ» ይባላል፣ ታክሲ ላይ ወንበር የለቀቀም ይባላል። ልጅዎ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረቅ ኖሯል። እናቱ የትኛውን ሥራውን እንዳየችለት ግን ከአፏ አልሰማም። ስለዚህ ምርቃቱን አይተዉ፤ ያደረገልዎትን ነገር በስሙ ጠርተው ይጨምሩበት።

ዓይኑን ከፈሩ ደግሞ ሰው በሌለበት ይንገሯቸው። «ማሻአላህ» ይበሉበት፣ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ባለፈው አረፋ ቤትዎ ውስጥ ችግር ያመጣው ዓይን አይመስለኝም። ችግሩ አንዷ ተመስግና ሌላው መረሳቱ ነው።

ወደ ትንሹ ልጅዎ ልምጣ።

እናቴ፣ አይቆጡኝና ደብዳቤዎን መልሰው ያስነብቡልኝ። ለጅዳዋ ልጅዎ የቤት እድሳት አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ በርበሬ አለ፣ መስገጃ አለ፣ ሳቅም እንባም አለ። ለትንሹ ያለው አብሮዎት እንደሚኖርና ባጃጅ እንደሚነዳ ብቻ ነው። ትልቁ ነገሩ ስለ ካርቶኑ ሲያወሩ በመሃል ሹልክ ብሎ የገባ ነው፦ «የግፊት ኪኒኔን ይዞ እየጎተተ አስወጣኝ።» ብለው አለፉት።

እኔ ማለፍ አቃተኝ። ያን ቀን ሁሉም ሰው በጥድፊያ ከቤቱ አንድ ነገር አንስቷል። እርስዎ የልጆችዎን ልጅነት ፈለጉ፣ እናት ነዎትና ማን ይፈርድብዎታል? የእሱ እጅ የሄደው ግን ወደ ኪኒንዎ ነው። ዲፕሎማ አንድ ወረቀት ናት፣ ታጥፋ ኪስ ትገባለች፣ ለ25 ዓመት ልጅ ደግሞ ያለችው ሀብት እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። አላነሳትም፣ ወይ ትዝ አላለችውም፣ ወይ ጊዜ አልነበረውም። ደብረ ብርሃን ደርሳችሁ በዚያ ብርድ ሰው ሁሉ የጠፋበትን ሲቆጥር እርስዎ ኪኒንዎን በሰዓቱ የዋጡት እሱ ስላሰበበት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት «ካርቶኔ፣ ካርቶኔ» ሲሉ ሰምቶዎት ይሆናል። የእሱን ዲፕሎማ ያነሳለት ሰው ይኖር ይሆን?

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ። እህቱ ስትልክ ስልክዎ ላይ የባንክ መልእክት ይመጣል፣ ይህን ያህል ብር ገብቷል ይላል፣ ለጎረቤት ይታያል። እሱ ሌሊት ተነስቶ ሆስፒታል ወረፋ ሲይዝ፣ ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን በባጃጁ ሲያመላልስ፣ ማታ ገብቶ «እማ፣ ኪኒንሽን ወሰድሽ?» ሲል የሚመጣ መልእክት የለም። እህቱን አብልጠው ይወዳሉ እያልኩ አይደለም። ሩቅ ያለ ልጅ ይናፍቃል፣ የሚናፍቅ ሰው ደግሞ ይወራለታል። ቅርብ ያለው የሚነሳው ከሰል ሲያልቅና አምፖል ሲቃጠል ነው። በዚያ ላይ በአረፋ ቀን፣ በእንግዳ ፊት፣ እሱ ተሸክሞ ባመጣው በግ ላይ ቁጭ ብሎ የእህቱን ውዳሴ መስማት... እኔም ብሆን ቡናውን ትቼ እወጣ ነበር። (በጉን ማን እንዳመጣው አልጻፉልኝም፣ ግን እሱ ሳይሆን አይቀርም።)

እና እንዴት ይንገሩት? ፊት ለፊት አስቀምጠው «ልጄ፣ የምነግርህ አለ» አይበሉት፣ ይደነግጣል። የእኛ ወንዶች ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንዲህ ያለ ነገር መስማት አይሆንላቸውም፣ ወይ ይቀልዳሉ ወይ ይቆጣሉ። ለክትትል በባጃጁ ሲወስድዎት ከኋላ ተቀምጠው ይንገሩት። እሱ መንገዱን ያያል፣ እርስዎ ጀርባውን ያያሉ፣ ሞተሩም ይጮሃል፣ ማንም ፊቱ የት እንደሚገባ አይጨነቅም። አጭር ያድርጉት። «ያን ቀን ኪኒኔን ባትይዝልኝ ኖሮ ዛሬ አልኖርም ነበር። የአንተ ዲፕሎማ ቀርቶ የእኔን መድኃኒት ይዘህ ወጣህ። አይቼልሃለሁ፣ አልረሳሁትም።» በቃ።

ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉ። «እህትህም እኮ...» ብለው አይቀጥሉ። «ታዲያ መቼ ነው ሚስት የምታገባው?» የሚለውንም ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ። እናቶች ምስጋናውን ጀምረው መጨረሻው ላይ ጥያቄ ይሰኩበትና ልጁ ጥያቄውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እሱም «ተይ በቃ እማ» ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አይከፋዎት፣ ሰምቷል።

ዲፕሎማውን በተመለከተ ደግሞ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። የተማረበት ኮሌጅ ሬጅስትራር ላይ የተማሪዎች መዝገብ ይኖራል። ለጠፋ ሰነድ ምትክ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ከፖሊስ የጠፋበት ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ ክፍያም አለው። «ና፣ አብረን እንሂድ» ይበሉት። እሱ ምናልባት «ምን ይሠራልኛል፣ ባጃጅ ነው የምነዳው» ይላል። ይበል። እናቱ የእሱን ወረቀት ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ማየቱ ራሱ ምስጋና ነው። ክፍያውን ታዲያ እህቱ ከላከችው ብር ሳይሆን ከራስዎ ያድርጉት፣ ከዕቁብም ቢሆን።

አሁን ጅዳ እንሂድ። ይህቺን ልጅ እያመሰገኗት ነው፣ ግን ሁሌ ለብሩ። አረብ ሀገር ያሉ ልጆች ይህን ነገር እርስ በርሳቸው ሲያወሩት ብትሰሙ! ቤተሰብ የሚደውለው ሲቸግረው ነው፣ የሚያመሰግነው ሲደርሰው ነው። ሰው ቤት ስትሠራ የዋለች ልጅ ስልኳን ይዛ ጋደም የምትለው ማታ ነው፣ ያውም ከተፈቀደላት። ያኔ «ደርሶናል፣ አላህ ይስጥሽ፣ ለአረፋ ደግሞ...» የሚል ድምፅ ስትሰማ ምስጋናው እንደ ደረሰኝ ነው የሚሆንባት።

እርስዎ እኮ ከብር በላይ የሚነገራት ነገር አለዎት። በርበሬው! እሱን ይንገሯት። ስንት ዓመቷ እንደነበረ፣ ምን ለብሳ እንደነበር፣ የት እንደተቀመጠች፣ ብሩን እንዴት አድርጋ ጨብጣ እንደጠበቀችዎ፣ ገዢዋ ማን እንደነበረች ካስታወሱ እሷንም። የሰው ልጅ ስታሳድግ የምትውል ሴት እሷም የሆነ ሰው ልጅ እንደነበረች፣ ሰኞ ገበያ ላይ እናቷን ያስደነቀች ነጋዴ እንደነበረች የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። መስገጃውንም ይንገሯት። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው ከሳዑዲ የተመለሰው፣ ብዙው የሠራበትን እንኳን ሳይቀበል። ያን ጊዜ ባዶ እጇን መመለሷ እስካሁን የሚያሳፍራት ልትሆን ትችላለች፣ ብዙዎቹን ያሳፍራቸዋል። እርስዎ ግን ከዚያ ፌስታል የወጣውን መስገጃ ከፍሪጁ በፊት እንደሚያነሱት እሷ አታውቅም። አሁንም እሱ ላይ የሚሰግዱ ከሆነ ይህንኑ ይንገሯት።

ስልክ ደውለው ሳይሆን በድምፅ መልእክት ይላኩላት። ጅዳና ደሴ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ግን የእሷ ጊዜ በእሷ እጅ አይደለም። ድምፁ ከተላከ በተመቻት ሰዓት ትከፍተዋለች፣ ደግማም ትሰማዋለች። የጎረቤትዎ ልጅ ኢሞም ይሁን ዋትስአፕ ከፍታ ማይኩን ትጫንልዎትና ከክፍሉ ትውጣ። ሰው አጠገብ ካለ አፍዎ ወደ ምርቃቱ ይሄዳል። እና በዚያ መልእክት ውስጥ ብር የሚል ቃል አይግባ። አንድም።

ትልቋን በደብዳቤዎ ብዙ አላነሷትም፣ እኔም ብዙ አልልም። ግን የ77 ልጅ ከሆነች ሁለተኛዋ ስትወለድ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሲመጣ አሥራ አንድ ገደማ። እርስዎ ገበያ ሲውሉ አንቀልባው በማን ጀርባ ላይ ነበር? መልሱ እኔ እንደጠረጠርኩት ከሆነ ለእሷ የሚሉት ነገር ተገኘ። የመጀመሪያ ሴት ልጆች እናት ሳይሆኑ እናት ሆነው ያድጋሉ፣ «አንቺ ባትኖሪ አላሳድጋቸውም ነበር» የሚላቸው ሰው አያገኙም። አዲስ አበባ ሲሄዱ ይንገሯት፣ ባሏ ፊት ቢሆን ለእሷ እንዲያውም ጥሩ ነው። አልጋ ላይ ስለሸናችበት ዘመን ግን ባሏ ፊት አያውሩ። እናቶች ይህን ለምን እንደምትወዱት አይገባኝም።

ስለ ካርቶኑ አዝናለሁ። በዚያ ሰሞን ከቤት የወጣ ሰው ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ነገር አለው። ቴሌቪዥኑ ተተክቷል፣ የልጅ ጫማ የሚተካ አይደለም። ፎቶዎቹ ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል ብዬ አላምንም። በዚያ ዘመን ስቱዲዮ ተገብቶ የተነሳ ፎቶ አንድ ቅጂ ብቻ አይታጠብም ነበር። ለእህት፣ ለአክስት፣ ለአበልጅ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበት ይሰጣል። ስለዚህ የእርስዎ ልጆች አሁንም የሆነ ዘመድ አልበም ውስጥ በአረፋ ልብሳቸው ቆመዋል። ኮምቦልቻም ይሁን ሐይቅ ያለ ዘመድ ጋ ይደውሉና ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ሲሰበሰቡ አልበሙን ይዘው እንዲመጡ ይለምኑ። ፎቶውን ስጡኝ አይበሉ፣ እሱ ጠብ ያመጣል። በስልክ ያስነሱት። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ፍላሽ መሃሉን ያነጣዋል። የሚጣበቅ ገጽ ያለው አልበም ከሆነ ደግሞ በግድ አይላጥ፣ ፊቱ አብሮ ይነሳል፣ ፕላስቲኩን ብቻ ገልጦ እዚያው እንዳለ ማንሳት ይሻላል። የታጠበ ካገኙ ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ከጀርባው በእርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ይወጣል።

ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረ ነገር ደግሞ አለ። የበርበሬው ፎቶ የለም፣ ማንም አላነሳውም። ፌስታሉም፣ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና የሄዳችሁበትም እንደዚያው። ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ደብዳቤ የጻፈችልዎት ልጅ (አላህ ያሳድጋት፣ እጅ ጽሑፏም ያምራል) ቡና በተፈላ ቀን አንዷን ታሪክ ትቅዳልዎ። «ሕይወትዎን ይንገሩኝ» ብላ ከጀመረች ምንም አይወጣም፣ «ትልቋ እግር የተከለችው የት ሆና ነው?» ብላ ትጀምር። የተቀዳውን ለሦስቱም ይላኩላቸው። ሦስቱም «እንደሱ አይደለም እማ፣ ተሳስተሻል» ብለው ይነሳሉ፣ በተለይ ትልቋ። ይከራከሩ፣ ያንንም ትቅዳው። አንድ ነገር ብቻ፦ ቴሌግራም ላይ ብቻ አስቀምጦ መተው አያዋጣም። ለረዥም ጊዜ ሳይከፈት የቆየ የቴሌግራም አካውንት ራሱን ያጠፋል፣ በውስጡ ያለውም አብሮ ይሄዳል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ይገልበጥና አንዱ እርስዎ ጋ፣ አንዱ አዲስ አበባ ይቀመጥ። ሁሉም ነገር አንድ ቤት ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደግሞ «ከመሞቴ በፊት» የሚለውን ነገር ከንግግርዎ ያውጡልኝ። ሞትን የሚያነሳ እናት ልጆቿ ምስጋናውን አይሰሙም። ትንሹ ባጃጁን አዙሮ ሆስፒታል ያስገባዎታል፣ ትልቋ በማግስቱ አውቶብስ ተሳፍራ ከች ትላለች፣ የጅዳዋ ደግሞ መምጣት አትችልምና ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። ተራ ቀን ይምረጡ። በዓል ባይሆን፣ ሕመምም ባይሆን፣ ብር የገባበት ቀንም ባይሆን ጥሩ ነው።

መልሰው ምን ይሉኛል ላሉት፣ ብዙ አይጠብቁ። ያልለመዱት ነገር ነው። ትልቋ ታለቅሳለች። ትንሹ ምንም ሳይል ምናልባት ማታ ሙዝ ገዝቶ ይገባል። የጅዳዋ መልእክቱን እንደሰማች ትደውልና «እማ ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ? ስንት ልላክ?» ትላለች፣ በዚህ እወራረዳለሁ። ያኔ «ምንም አትላኪ» ይበሏትና ያቺ በርበሬ የገዛችው ሴትዮ ስንት እንደከፈለቻት ይጠይቋት።